ማሰሪያው

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ አንበሳሜዎች ደግሞ ተረቱን የራሳችን እናደርገዋለን። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ግን ድሩ ማበሩ ብቻ እንደማይበቃ ያውቃሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ ቦይንግ 787ን ተረከበ። ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ በሙጫ የተያያዘ ክር፣ በአብዛኛውም የካርቦን ክር ነው። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ሲጎትቱት ብርቱ ነው፣ ሲጫኑት ግን ይታጠፋል። ተነባብሮ፣ ሙጫው ዘልቆት፣ በሙቀትና በግፊት ሲበስል ክንፍ ይሆናል።

ችግሩ ንብርብሮቹ ከውስጥ የተላቀቁ እንደሆነ ነው። ከውጭ ቀለሙ ያማረ ስለሆነ ዓይን ላያየው ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች እያንኳኩ ያዳምጡታል፤ በድምፅ ሞገድም ይመረምሩታል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እኛ በዚህ ጥቂቶች ነን። በአንድ ወንበር ተቀምጠን፣ አንድ መዝሙር እየዘመርን፣ ሰላም የማንባባል ከሆነ ያማረው ቀለማችን ምን ይጠቅመናል? ጳውሎስ ፍቅርን ማሰሪያ ያለው (ቆላስይስ 3፥14) እርስ በርስ መታገሥንና ይቅር መባባልን ካዘዘ በኋላ ነው። እንግዲህ እሑድ ሳይደርስ፣ የተቀያየምነውን ሰው ደጅ እናንኳኳ። ጌታ ይርዳን። አሜን።