አሥር ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ላይ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ሠራተኛ እናቶች ችግር ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ አንዲት በረኛ ላጫውታችሁ ነው። «የኳስ ወሬ በስፖርት ገጽ አለልን» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል፤ እስቲ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩን ያመጣችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት። በትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ልብሷ እንደ ታጠበ፣ ጉልበቷ አፈር ሳይነካው ተመለሰች። ጓንቷን አልጋ ሥር ወረወረችና «እማዬ፣ ትቼዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሰለፉኝም» አለችኝ።

«ታገሺ ልጄ» አልኋት። ከአፌ እንደ ወጣ ራሴን ታዘብሁት። ቀደም ሲል በነበርሁበት መሥሪያ ቤት የክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ በወጡ ቁጥር አራት ዓመት ሙሉ እየተካሁ ሠርቼ፣ ቦታው ሲለቀቅ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያኔ እኔም የተባልሁት «ታገሺ» ነበር። ስለዚህ ባዶ ቃል ሰጥቼ ልተዋት አልፈለግሁም። ከራት በኋላ የጀርመናዊቷን የናዲን አንገረርን ታሪክ ነገርኋት።

ናዲን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1978 ሎር አም ማይን በምትባል ከተማ ተወለደች። የምዕራብ ጀርመን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ1955 እስከ 1970 ድረስ ክለቦች ለሴቶች ሜዳ እንዳይሰጡ ከልክሎ ነበር። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ስዊስን 5 ለ 1 ያሸነፈው በ1982፣ ልክ ናዲን አራት ዓመት በሞላት ዕለት ነው። ይኸው ቡድን በ1989 የአውሮፓ ዋንጫን ሲወስድ ፌዴሬሽኑ ለተጫዋቾቹ ምን ሸለማቸው መሰላችሁ? የቡና ስኒ ከነማንቆርቆሪያው! ስኒ መናቄ አይደለም፤ ግን ዋንጫ ያመጣን ሰው ወደ ጓዳ መመለስ አይመስልባችሁም?

ናዲን ለብሔራዊ ቡድኑ መጀመሪያ የተሰለፈችው በ1996፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አሥር ዓመት ያህል የሲልከ ሮተንበርግ ተጠባባቂ ሆና ኖረች። ቡድኑ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ነሐስ ሲያገኝ፣ በ2003 የዓለም ዋንጫን ሲያነሣ፣ በ2004 በአቴንስ እንደገና ነሐስ ሲወስድ፣ ግቡን የምትጠብቀው ሮተንበርግ ነበረች። ናዲን ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በክለብ ደረጃ በባየርን ሙኒክ፣ ኋላም በቱርቢነ ፖትስዳም ትጫወት ነበር፤ ከፖትስዳም ጋር በ2005 የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አግኝታለች።

በ2007 መጀመሪያ ላይ ሮተንበርግ ጉልበቷን ክፉኛ ተጎዳች። ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ፤ «እንግዲያ እኔም ጓደኛዬ እስክትሰበር ልጠብቅ?» ሳቄ መጣብኝ፣ ግን ጥያቄዋ የቀልድ አልነበረም። በሰው ጉዳት የሚከፈት በር ማንንም አያስደስትም። ያም ሆኖ ሮተንበርግ ድና በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ከቡድኑ ጋር ሄደች፤ በዚህ ጊዜ ተጠባባቂዋ እርሷ ሆነች። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቦታ ተለዋውጠው ተቀመጡ።

በቻይናው የዓለም ዋንጫ ጀርመን ስድስት ጨዋታ አደረገች። ናዲን በ540 ደቂቃ ውስጥ አንድም ግብ አልገባባትም። ሴፕቴምበር 30 ቀን ሻንጋይ ላይ ከብራዚል ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ጀርመን 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ብራዚል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። መቺዋ ማርታ ናት፤ በዚያ ውድድር ሰባት ግብ ያገባችው ማርታ! ናዲን ያዳነቻት ኳስ ባትድን ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ በስዊድን በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በሠላሳ አራት ዓመቷ አምበል ሆና ከኖርዌይ ጋር ተሰለፈች። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች፤ ጀርመን 1 ለ 0 አሸነፈች። በጃንዋሪ 2014 የ2013 የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ ስትሸለም፣ ከወንድም ከሴትም ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ በረኛ ሆነች። በ2015 ከካናዳው የዓለም ዋንጫ በኋላ፣ ለአገሯ 146 ጊዜ ተሰልፋ፣ መጫወት አቆመችና አሜሪካ ውስጥ በፖርትላንድ በረኞችን ወደ ማሠልጠን ገባች።

ልጄ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ዋንጫው አልነበረም። «ያን ሁሉ ዓመት ስትቀመጥ አትናደድም ነበር?»

«የእርሷን እንጃ፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር» አልኋት።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ያንን መሥሪያ ቤት ለቀቅሁ።»

ለመምከር ተቀምጬ ይህን መናገሬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጄ ዝም ብላ አየችኝ። እሑድ ጠዋት እንጀራ እየጋገርሁ ሳለ ከጓሮ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲላጋ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ ጓንቱን አጥልቃዋለች። የፊታችን ቅዳሜ ልምምድ ትሂድ አትሂድ ግን እስካሁን አልነገረችኝም።