አዲሱ ፖሊሽ ማሽንና የደላላው ኮሮላ



ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ቀለም ነው። «ኡስታዝ ደግሞ ምን ነካው» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ ታገሱኝ። ላቫጆ ላይ ለምትሠሩ፣ ወይም መኪና ልትገዙ ገንዘብ ለምታጠራቅሙ ወንድሞች የሚጠቅም ነገር አያጣውም።

ታናሽ ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ላቫጆ አለችው። አንድ ሮቶ፣ አንድ ፓምፕ፣ ሁለት ልጆች፤ በቃ። የባጃጅና የአይሱዙ እጥበት ደግሞ ቤት አያቆምም። ስለዚህ ግማሹን አጠራቅሞ፣ ግማሹን ከአጎታችን ተበድሮ (ያለ ወለድ፣ አልሐምዱሊላህ) ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አዲስ ፖሊሽ ማሽን አስመጣ። ሐሙስ ዐስር ሰግደን፣ ልጆቹን ቁርኣን አስቀርቼ ስወጣ የመስጂዱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ካርቶኑን ታቅፏል።

«አንተ ሞክርልኝ» አለኝ።

እኔን የፈለገበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ መድረሳ እያለሁ ጠዋት ኪታብ እቀራ ነበር፤ ከሰዓት አንድ ቀቢ ዘንድ ካርታ ቬትሮ እፈትግ ነበር። በኋላ ፖሊሽ አስያዙኝ። የዚያን ጊዜው ማሽን ከግራይንደር ብዙም አይለይም፤ በአንድ ማዕከል ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል። ኃይለኛ ነው፣ ልምድ ባለው እጅ ጭረትን ቶሎ ያወጣል። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ካቆየኸው ግን ቀለሙን ያግለዋል። ጠርዝ ላይ ከሆነማ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛን ኮፋኖ ጠርዝ በልቼ ከሥር ያለው ነጭ ብቅ ሲል ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጠርዙን በፕላስተር ሳልሸፍን ማሽን አላስነሳም።

አዲሱ ዓይነት ሌላ ነው። ፓዱ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ማዕከሉ ራሱ ደግሞ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ የኛው 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው የሚሠራው። ሐሳቡ የመጣው ከእንጨትና ከስቱኮ መፈተጊያ ማሽኖች ነው። እ.ኤ.አ በ1947 የተመሠረተው የጣሊያኑ ሩፔስ ክቡን ሰፋ አድርገው ከሠሩት ስመ ጥር ድርጅቶች አንዱ ነው። የወንድሜ ማሽን ሩፔስ አይደለም፤ ስሙን ከካርቶኑ ላይ አንብቤ እንኳ መጥራት ያቃተኝ ነው። አሠራሩ ግን ያው ነው። እንቅስቃሴው አንድ ቦታ ላይ ስለማይደጋገም ቀለሙ ቶሎ አይግልም፣ የድሮው ማሽን ፀሐይ ላይ የሚተወው የተጠማዘዘ ጥላም አይታይም።

መጀመሪያ የሰው መኪና አልነካንም። ከአንድ ባትላሜራ ግቢ የተጣለ ጥቁር ኮፋኖ ለምነን በርሜል ላይ አጋደምነው። አጥበን አድርቀን መሃሉን በቀቢ ፕላስተር ለሁለት ከፈልነው፤ ግራው እንዳለ ይቆያል፣ ቀኙ ይሞከራል። ይህን የምትዘሉ ልጆች አላችሁ። ያልተነካ ጎን አጠገቡ ከሌለ ዓይናችሁ የፈለገውን ነው የሚያየው።

ሌላው ሰው የሚስተው የክሊሩን ውፍረት ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር እንኳ ከዚያ ይወፍራል። ፖሊሽ ማለት ከዚያች ሽፋን ላይ ጥቂት ልጦ የጭረቱን ግድግዳ ዝቅ ማድረግ ማለት ነው። የተላጠ አይመለስም። ስለዚህ በለስላሳው ስፖንጅና በቀላሉ ፖሊሽ ይጀመራል፤ አልበቃም ሲባል ብቻ ወደ ጠንካራው ይኬዳል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሆነ ደግሞ ይተዋል፤ እሱን እስከ ሥሩ አወጣለሁ ያለ ክሊሩን ጨርሶ ነው የሚያርፈው።

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ይዘን፣ ፓዱ ላይ አተር የሚያካክሉ አራት ጠብታ አድርገን፣ በ1 ቁጥር አሰራጭተን በ4 ሠራን። ቁልቁልና አግድም፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየደረበ። ስንጠርገው አበራ! ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል «ቆይ» አልኩት። በኮሮና ጊዜ እጃችንን የምናሸበት አልኮል ተርፎን ነበር፤ ጨርቅ ላይ አድርጌ ጠረግሁት። ጭረቱ ግማሹ ተመልሶ መጣ።

ፊቱ ጠቆረ። «ማሽኑ አይሠራም ማለት ነው?»

ማሽኑ ይሠራል። ብዙ ፖሊሽ፣ በተለይ ርካሹ፣ ውስጡ ዘይት ወይም ሲሊኮን አለው። ዘይቱ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ ብርሃን ጭረቱ ላይ አይሰበርም፣ ዓይናችን የዳነ ይመስለዋል። አልኮሉ ዘይቱን ሲያነሳው እውነተኛው ቀለም ይታያል። የኛ ለስላሳ ፓድ ትንሽ አርሞ ብዙውን ሸፍኖ ነበር። በማይክሮፋይበር ፓድና በኮምፓውንድ ደገምነው፣ በለስላሳው ጨረስነው፣ በአልኮል ጠረግነው። አሁን ከግራው ጎን ጋር ሲተያይ ሌላ ኮፋኖ ይመስላል። አልሐምዱሊላህ።

እንከኑንም ልናገር። ወንድሜ በሁለት እጁ ሲጫነው ፓዱ መሽከርከሩን ትቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ያዘ። ይህ የዚህ ዓይነት ማሽን ጠባይ ነው፤ ጉልበት አይወድም። ከፓዱ ጀርባ ባለው ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አሠመርንበት፤ መስመሩ ሲዞር ከታየ እየሠራ ነው፣ ቆሞ ከታየ እጅህን አቅልል። የፓራፋንጎው ጉብጉብ ላይ ግን መስመሩ አሁንም አሁንም ይቆምብናል፤ ለዚያ አነስ ያለ ሳህን ያስፈልጋል። ገመዱ አጭር ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣት ያደነዝዛል። በመሃል መብራት ጠፍቶ ኮምፓውንዱ ኮፋኖው ላይ ደርቆ መቅረቱ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፤ ሀገሩን ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ የአንድ ሐጂን አሮጌ ነጭ ኮሮላ ሠራን። ፓዱ ነጭ በነጭ ሲሆን ወንድሜ «በላሁት!» ብሎ ማሽኑን ጣለው። ድሮ የተቀቡ መኪኖች ብዙዎቹ ክሊር የላቸውም፣ ቀለሙ ራሱ ነው የሚወለወለው፤ ፓዱ ላይ ቀለም መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ሐጂ ዱዓ አድርገውልን ሄዱ። እኔ ግን ለወንድሜ የማይወደውን ነገርኩት። እነዚያ ፀሐይ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ክብ ክብ ጭረቶች አብዛኞቹ የመጡት ከላቫጆ ነው። የኛ አካባቢ ቀይ አፈር ሲደርቅ አሸዋ ነው፤ የአይሱዙ ጎማ የተጠረገበት ጨርቅ ተመልሶ የቤት መኪና ላይ ሲታሽ ሌላ ምን ይሆናል? ሁለት ባልዲ ያዝ፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ፤ የጎማው ጨርቅ ለብቻው ይሁን። «እሺ» አለ፣ ከልቡ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ደላላው መጣ።

መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ነው። የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ በ2012 ከወጣ፣ በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌ መኪና ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። ያማረ ከሆነ ደግሞ ደላላው ዋጋውን የሚጠራው ከላይ ነው። «እስከ ማታ አብረቅርቁልኝ፣ 4000 ብር፣ በወር አራት አምስት መኪና አመጣላችኋለሁ» አለ። ወንድሜ የአጎታችን ብድር ዓይኑ ላይ ሲመጣ አየሁት።

ፀሐዩ ዘቅዘቅ ብሎ ስለነበር የግራው የኋላ በር ቀለም ከሌላው ለየት ይላል። የድሮ ልማዴ ነው፣ የስፒከር ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አስጠጋሁት። ሌላው በር ላይ ይለጠፋል፤ ይሄኛው ላይ ይንሸራተታል። ከሥር ስቱኮ ነው፣ ያውም ወፍራም።

«ይህን ለገዢው ትነግረዋለህ?» አልኩት።

«ኡስታዜ፣ ማሳመር ሐራም ነው እንዴ? ሙሽራ አትኳልም?»

«ኩሉንማ እኛ እንኳልልሃለን። በሩን ንገረው ነው የምልህ።»

ስቆ ቁልፉን ከወንድሜ እጅ ተቀብሎ ሄደ።

ዕቃን አጥቦ አሳምሮ መሸጥ የሚከለክል የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ሰደው እርጥብ ሲያገኙ፣ ባለቤቱም ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ የጠየቁት ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነው። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ከሱ ይልቅ ወደ ልቤ የመጣው ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላው ነው፤ ገዢ እንዲታለል ሳትታለብ ስለምትቆይ እንስሳ የሚናገረው። ገዢው አልቦ እውነቱን ካወቀ በኋላ ምርጫ አለው፤ ወይ ያስቀራታል፣ ወይ ከአንድ ቁና ተምር ጋር ይመልሳታል። ገበያ ላም ነድቶ የሄደ የኛ ሀገር ሰው ይህን ለመረዳት ኪታብ አያስፈልገውም። ጡቷ ላይ ያለው ወተት የራሷ ነው፣ ከውጭ የተጨመረ ነገር የለም፤ ግን የአንድ ቀን ሆኖ ሳለ የሁልጊዜ እንዲመስል ተደርጓል። በዘይት የተሞላውም ጭረት እንደዚያው ነው።

ይህን ለወንድሜ ብነግረው «ብድሩን አንተ ትከፍልልኛለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ የምኖረው ጀመዓው በሚያዋጣው ነው፤ እሱ የሚኖረው መኪና ሲመጣ ነው። እስከ ዒሻ አልተነጋገርንም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት መምህር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ይዞ ለእጥበት መጣ። በሩን ሳየው አወቅሁት። ልጆቹ በሻምፖ አጥበው ሲጨርሱ ፀሐይ ወጣችበት፤ ኮፋኖው በሙሉ ድር። ሰውየው ጮኸ። «መኪናዬን ምን አደረጋችሁት? ሲመጣ መስታወት ነበር!» ሰው ተሰበሰበ። ሌላ ቦታ በዘይት ተሸፍኖ ኖሮ፣ ሻምፖው አንስቶት እኛ ላይ ወደቀ።

እኔ ዝም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ነው። የተናገረው ወንድሜ ነው። አልኮሉን አመጣ፣ ያልታጠበው የጀርባው ፓራውልት ላይ ጠረገና ድሩ ሲወጣ አሳየው። ከዚያ ሳልጠይቀው ማግኔቱን ከመሳቢያ አውጥቶ በሩ ላይ አስጠጋ። «ወንድሜ፣ ይህን መኪና አምጥተውልን አልሠራንም። በሩንም ያኔ አይተነዋል» አለው።

መምህሩ ብዙ ቆመ። «እና አይታችሁ ዝም አላችሁኝ?» አለ በመጨረሻ።

ገዢው ማን እንደሚሆን አናውቅም ነበር፤ እውነት ነው። ደላላውን ግን እናውቀዋለን፣ መኪናውን ቆሞ እያየሁት ሁለት ጊዜ በአስፋልቱ አልፌያለሁ፣ ጠጋ ብዬ «ይህን ማን ሊገዛ ነው» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። በፊቅሃችን በተደበቀ ጉድለት የመመለስ መብት እንዳለው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን በተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ እንደሚያደርግ፣ ግን መዘግየት እንደሌለበት አስረዳሁት። እሱ ክስ አልፈለገም። ሽማግሌ ይሻለኛል አለ። ሐጂም እኔም ሌላ አንድ የሰፈር ክርስቲያን አባትም እንቀመጣለን፤ ደላላው እመጣለሁ ብሏል፣ ቀጠሮው እሑድ ነው።

ኮፋኖውን ወንድሜ በነፃ ሊሠራለት አስቧል፣ ግማሹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ እያሳየው። እኔ ከሽምግልናው በፊት አትንካው አልኩት፤ ሽማግሌዎቹ እንዳለ ይዩት። ፓዶቹን አጥቦ ገመድ ላይ አስጥቷቸዋል፤ ከመሬት ራቅ አድርጎ፣ አቧራው እንዳይደርስባቸው።