ምጸት በመድረክና በሸራ ላይ

የሐዘን ተውኔት ያየ ሕዝብ በአንድነት ያለቅሳል፤ የጀግንነት ታሪክ የሰማ ሕዝብም በአንድነት ይኮራል። የምጸት ሥራ የቀረበለት ሕዝብ ግን አብሮ ተቀምጦ ለየብቻው ይፈርዳል። አንደኛው እንባው እስኪፈስ ድረስ ሲሥቅ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ፊቱን ያጠቁራል፤ ሦስተኛውም ይሣቅ ወይስ ይቈጣ ግራ ይገባዋል። ሥራው ከመጽሐፍ ወደ መድረክ ወይም ወደ ፊልም በተሸጋገረ ጊዜ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። መጽሐፍ አንባቢውን ለብቻው ያገኘዋልና ቢያፍርም የሚያየው የለም። በአዳራሽ ውስጥ ግን ሰው የሚሥቀውም የሚሣቅበትም በጎረቤቱ ፊት ነው።

የዚህን ነገር ጠባይ ለመረዳት የሀርጌሳን የቴአትር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ሀርጌሳ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሶማሊላንድ አስተዳደር መቀመጫ ከበርበራ ወደ እርስዋ ተዛወረ። በ1943 የራዲዮ ጣቢያ ተቋቋመባት። በ1950ዎቹ ደግሞ «ወላሎ ሀርጌሳ» ማለትም «የሀርጌሳ ወንድማማቾች» የተባለው የኪነት ቡድን እየተጠናከረ ሄደ፤ ከቡድኑ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ዑድ በመደርደርና ዜማ በመድረስ የታወቀው አብዱላሂ ቀርሼ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ሚና ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መዝፈንዋ እንደ ነውር ይቈጠር ስለነበር፣ በሀርጌሳ ራዲዮ ከዘፈኑት ቀደምት ሴቶች አንዷ የሆነችው ሻሚስ አቦኮር የታወቀችው በትክክለኛ ስምዋ ሳይሆን «ጉዱዶ አርዎ» በተባለው የኪነት ስምዋ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው፣ በዚያች ከተማ ገና የመጀመሪያው መጋረጃ ሲገለጥ ተመልካቹ በሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ነው።

የሶማሊ ቋንቋ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል የተወሰነለት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በቋንቋው የሚነበብ ልብ ወለድ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ በሌላው አገር ልብ ወለድ የሚሠራውን ሥራ በሶማሊዎች ዘንድ የሚሠራው ተውኔት ነበር። አሠራሩም የራሱ መልክ ነበረው። ቁም ነገሩ የሚነገርበት ክፍል በግጥም ይደረሳል፤ ግጥሙም በአንድ ዓይነት ድምፅ በሚጀምሩ ቃላት እየተሳሰረ ስለሚሄድ ተዋናዩ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ በቃሉ ያጠናዋል። በግጥሞቹ መካከል የሚገባውን ተራ ንግግር ግን ተዋናዮቹ የታሪኩን አካሄድ ብቻ ይዘው በመድረኩ ላይ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ይፈጥሩታል። ስለዚህ አንድ ተውኔት ሁለት ጊዜ ሲታይ ግጥሙ ያው ሲሆን ቀልዱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ተውኔቶች መካከል በውጭ አገርም ጭምር የታወቀው «ሸቤልናጎድ» ነው፤ ትርጉሙም «በሴቶች መካከል ያለ ነብር» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ሐሰን ሼክ ሙሚን ይባላል። ኋላም የሶማሊላንድን መዝሙር የደረሰው ይኸው ሰው ነው። ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የፖላንድ ተወላጅ የሆነው የሶማሊ ቋንቋ ምሁር ቦጉሚል አንጄየቭስኪ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት በ1974 ታትሟል። ታሪኩ ሴቶችን በማታለል ስለሚኖር አንድ የከተማ ሰው ነው። ይህ ሰው ሸላዮ የተባለችውን ወጣት በሐሰት ጋብቻ አታልሎ ይወስዳትና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይተዋታል። የሸላዮ ስም ጸጸት ማለት ነው፤ ደራሲው ገና ስም ሲያወጣላት ዕጣዋን ነግሮናል።

እንዲህ ያለ ተውኔት ሲታይ ክርክሩ የሚነሣው ከታሪኩ ይልቅ በሣቁ ላይ ነው። አታላይ አንደበተ ጣፋጭ ካልሆነ አያታልልምና፣ በመድረክ ላይ የሚወጣውም አታላይ ተወዳጅ መሆን ግድ ይለዋል። በዚህ የተነሣ አንዱ ተመልካች፣ «ወጣቶች ከእርሱ ብልሃትን ይቀስማሉ እንጂ ከእርስዋ ጥንቃቄን አይማሩም» ብሎ ሊነቅፍ ይችላል። ሌላው፣ «እውነተኛው አታላይ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም፤ እንዲህ ሣቂታና ተጫዋች ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጆቻችን አስቀድመው ይዩት» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑን ሳይክድ፣ ገመና በአደባባይ መውጣቱን ብቻ ይጠላል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የአንዲት ሴት ተመልካች ነገር ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሸላዮ ዕጣ የደረሰባት ሴት ተቀምጣ ቢሆንስ? ሰው ሁሉ ሲሥቅ እርስዋ ዝም ብትል ምስጢርዋ ይታወቅባታል፤ አብራ ብትሥቅ ደግሞ በራስዋ ላይ መሣቅዋ ነው። ሣቁ በአታላዩ ላይ ከሆነ ያቺ ሴት ተክሳ ትወጣለች፤ ሣቁ በተታለለችው ላይ ከሆነ ግን ሁለተኛ ጊዜ ተጐድታ ትሄዳለች። ይህን የሚወስነው ደራሲው ብቻ አይደለም፤ የዚያ ምሽት ተዋናይና የዚያ ምሽት ሕዝብም ጭምር ነው።

የምጸት ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ለዚህ ከአፍሪካ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሴኔጋሉ ደራሲና የፊልም አዘጋጅ ኡስማን ሰምቤን ሥራ ነው። ሰምቤን «ኻላ» የተባለውን ልብ ወለድ በፈረንሳይኛ ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1975 ደግሞ ራሱ ፊልም አድርጎ አቀረበው። ባለታሪኩ ኤል ሐጂ የተባለ ሀብታም ነጋዴ ነው። ሦስተኛ ሚስት ባገባበት ሌሊት የወንድነት ኃይሉን የሚነጥቅ ርግማን ይወርድበታል። መድኃኒት ፍለጋ ከአንዱ ባለ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲንከራተት ንግዱም ክብሩም ይወድቃል፤ በመጨረሻም የረገመው ቀድሞ መሬቱን የቀማው ሰው መሆኑ ይገለጣል። ያ ሰው አሁን ለማኝ ሆኗል። ነጋዴው እንዲፈወስ ከፈለገ ለማኞች ሁሉ እንዲተፉበት ዕርቃኑን መቆም ይኖርበታል።

ሰምቤን ወደ ፊልም የተሻገረበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችለው የአገሩ ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ፊልም ማየትና በወሎፍ ቋንቋ የሚነገረውን መስማት ግን ሁሉም ይችላል። መሸጋገሩ ግን ብዙ ነገር ለወጠ። በፊልሙ መክፈቻ ላይ አገሬዎቹ ነጋዴዎች ፈረንጆቹን ከንግድ ምክር ቤቱ ያስወጣሉ፤ ወዲያው ግን እነዚያው ፈረንጆች በገንዘብ የተሞሉ ቦርሳዎችን ይዘው ይመለሳሉ። ሀብታሙ ለመኪናው እንኳ ከፈረንሳይ የመጣ የታሸገ ውኃ ሲያስጠቀም ይታያል። አባት በፈረንሳይኛ ሲናገር ልጁ ራማ በወሎፍ ትመልስለታለች። እነዚህ ትዕይንቶች ረጅም ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው ማንም የሚረዳቸው ናቸው። ስለዚህም የመንግሥት ሳንሱር ፊልሙ በሴኔጋል ሲታይ በርካታ ቦታዎችን ቈረጠበት። ሰምቤንም የተቈረጡትን ክፍሎች የሚገልጽ ወረቀት ለተመልካቾች አስበተነ። ልብ ወለዱ ሳይነካ የታለፈው መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት፣ ፊልም የሚያይ ደግሞ ብዙ ስለሆነ ነው ብሎ መገመት አያዳግትም።

የፊልሙ መጨረሻም ተመልካችን የሚከፍል ነው። በመጽሐፍ ሲነበብ ምራቁ ምሳሌ ነው፤ በሸራው ላይ ሲታይ ግን ምራቅ ነው። አንዱ ተመልካች የድኻው ፍርድ ተፈጸመ ብሎ ይረካል፤ ሌላው እንዲህ ያለ አስጸያፊ ነገር ለማሳየት ምን አስፈለገ ይላል። ሁለቱም የተመለከቱት አንዱን ትዕይንት ነው። የመጀመሪያው ዓይኑን ያሳረፈው በለማኞቹ ላይ ሲሆን፣ የሁለተኛው ዓይን ያረፈው በሀብታሙ ገላ ላይ ነው።

በአገራችንም ለዚህ የሚጠቀስ ቀደምት ታሪክ አለ። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1910ሮቹ ዓ.ም.፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። መነሻው ፈረንሳዊው ላፎንቴን የደረሳቸው የእንስሳት ተረቶች ነበሩ። ተረቱ በመጽሐፍ ላይ ሳለ የሕፃናት ማጫወቻ ይመስላል፤ መኳንንቱ በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የአውሬዎቹ ጠባይ የሹማምንት ጠባይ መሰለ። ውጤቱም ቴአትር ማሳየት መከልከሉ ነበር። ሰምና ወርቅን አሳምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ወርቁን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ያገኘው ወርቅ ግን ለሁሉም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

ከሦስቱ ምሳሌዎች አንድ ነገር እንገነዘባለን። በምጸት ሥራ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ስለ ሥራው የሚናገረውን ያህል አስተያየት ሰጪው ራሱን የት እንዳገኘም ይናገራል። ይህ ማለት ግን ፍርድ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። አንድ የምጸት ሥራ መልካም መሆኑን ለመመርመር ሁለት ጥያቄዎች ይረዳሉ። የመጀመሪያው፣ ሣቁ ያረፈው በበዳዩ ላይ ነው ወይስ በተበዳዩ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ከአንዱ የአቀራረብ ዘዴ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ፍሬ ነገሩን ይዞ ተሻግሯል ወይስ ማሳቂያውን ብቻ? የሚል ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ወደድሁ ወይም ጠላሁ የሚል ሰው ስሜቱን ገለጸ እንጂ አልፈረደም።

ሀርጌሳ በ1988 እ.ኤ.አ. በዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖችና መድፎች ተደብድባ አብዛኛው ሕንፃዋ ፈረሰ፤ ሕዝቧም ተሰደደ። በዚያ ጊዜ የራዲዮ ጣቢያው ድምፆች የተቀዱባቸው ካሴቶች እንዳይጠፉ ከመሬት ውስጥ የተቀበሩ ነበሩ። ዛሬ በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ከ2008 ጀምሮም በከተማይቱ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሲካሄድ ቆይቷል። ካሴቶቹን የቀበሩትና የሰበሰቡት ሰዎች ዘፈኑንና ተውኔቱን ሁሉ እኩል ወድደውት ነበር ለማለት አይቻልም። በዘመኑ ያስቈጣውም፣ ያሳፈረውም፣ ያስደሰተውም በአንድነት ተጠብቋል። ስለሆነም ተማሪ አንድ የምጸት ሥራ ባነበበ ወይም ባየ ጊዜ፣ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለውን ጓደኛውን ከማሳፈሩ በፊት ዓይኑ በማን ላይ እንዳረፈ ሊጠይቀው ይገባል። መልሱ ሥራውን በሌላ በኩል ያሳየው ይሆናል።