ግራሶው የማን ነው?

አትክልት ተራን የሚያውቅ ሰው ወይ በአፍንጫው፣ ወይ በጫማው፣ ወይ በጆሮው ነው የሚያስታውሰው። ባለ አፍንጫው የበሰበሰ ጎመን ያነሳል፤ ባለ ጫማው ክረምት ከበጋ የማይደርቀውን ጭቃ። እኛ ለዛሬ ከባለ ጆሮዎቹ ወገን ነን። «ጀርባ! ጀርባ!» ከሚለው ጩኸት ሥር አንድ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ሽንኩርት የተጫነበት የእጅ ጋሪ ጎማው ሲያቃስት።

እና ዛሬ የምናወራው ስለ ኩሽኔታ ነው። አትሳቁ።

ኩሽኔታ ማለት ሁለት የብረት ቀለበቶችና በመሃላቸው የሚንከባለሉ ኳሶች ናቸው። ስሙን ከጣሊያን ነው የወሰድነው፤ ግራሶም፣ ጎሚስታም፣ ክሪክም፣ ራሱ «መርካቶ» የሚለው ስምም እንዲሁ። የግራሶ ሥራ ብረት ብረትን እንዳይበላ በመሃል መግባት፣ ውሃና አሸዋንም ከደጅ መመለስ ነው። ባጃጅ ይሁን፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ይሁን፣ ጋሪ ይሁን፣ ጭነት የሚያርፍበት የኋላ ጎማ ሕጉ አንድ ነው።

ሥራው ደግሞ ያን ያህል አያስፈራም። ጋሪው ባዶውን በክሪክ ወይም በድንጋይ ይነሳል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ላልቷል። በእጅ ይሽከረከራል፤ ካንኳረረ አሸዋ ገብቶበታል። ክፍት ኩሽኔታ ከሆነ ወጥቶ በናፍጣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ አዲስ ግራሶ በጣት እየተገፋ በኳሶቹ መሃል ይገባል። በአሮጌው ጥቁር ግራሶ ላይ አዲስ መለቅለቅ ግን አሸዋውን እዚያው ማኖር ነው። መጠኑም አለው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ ጠግቦ ቢሞላም አይጎዳም፤ ፈጥኖ ለሚሽከረከር ግን ጥቅጥቅ ካደረጉት ይሞቃል፤ የባዶ ቦታው ሲሶ ወይም ግማሽ ይበቃዋል። ሁለቱም ጎኑ የተሸፈነ ኩሽኔታ ግራሶውን ከፋብሪካ ይዞ የመጣ ነው፤ ሲያልቅለት ይቀየራል እንጂ አይታጠብም። ሲገጠምም መዶሻው ማረፍ ያለበት ጥብቅ ብሎ በሚገባው ቀለበት በኩል ነው። በኳሶቹ አሳልፎ የሚመታ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ አሮጌ አድርጎ ይገጥመዋል።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ጋሪዎቹ ለምን ያቃስቱ ነበር?

አንድ የምናውቀው ጋሪ ገፊ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ያለ። ጋሪው የራሱ አይደለም፤ በቀን ሒሳብ የሚከራየው ነው። «ለምን ግራሶ አታስገባበትም?» አልነው። «ወንድሞቼ፣ ነገ ይሄንኑ ጋሪ እንደማገኝ በምን አውቃለሁ?» አለን። ልክ ነው። ዛሬ ግራሶ የሚገዛው ነገ ሌላ ሰው ለሚገፋው ጋሪ ነው። ባለ ጋሪውስ? ኪራዩ ጋሪው ቢያቃስትም ባያቃስትም ያው ነው። ያንን ተጨማሪ ክብደት የሚያውቀው የገፊው ወገብ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ኩሽኔታው ነከሰና ጎማው ቀጥ አለ። ጋሪው ዞረ፤ ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተበተነ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ባለ ጋሪው ግን «እኔ በሰላም ነው የሰጠሁህ» አለ፤ የጥገናውን ሒሳብ የከፈለው ልጁ ነው። ለሰፈረው ሽንኩርትም እንደዚሁ። የሁለት ጣት ግራሶ የስንት ቀን እንጀራ በላች!

እዚህ ላይ አንድ ስዊድናዊ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1907 በጎተንበርግ ከተማ ስቬን ዊንግኲስት የተባለ መሐንዲስ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ኩሽኔታ ፈለሰፈ፤ ኤስኬኤፍ የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። ሰውዬው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነበር። የኩሽኔታ መበላሸት ማሽን ሲያስቆምበት ተማረረና መላ ፈለገ። ልብ በሉ፤ በብልሽቱ የሚቃጠለው ሰውና ብልሽቱን ሊያስተካክል የሚችለው ሰው አንድ ነበሩ። በእኛ ጋሪ ግን የሚቃጠለው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ ነው።

የአትክልት ተራ ጅምላ ንግድ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ቦታው ቢቀየርም ጥያቄው አብሮ ተዛውሯል። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባ የባጃጅ ሾፌርም ይሄንኑ ጥያቄ ከኋላ ጎማው ጋር ይዞት ይዞራል።

የእኛ ሐሳብ ትንሽ ናት። ጋሪ የሚያከራይ ሰው ከጋሪው ጋር ግራሶም ይስጥ፤ ገፊው ጉልበቱን ይጨምር። በወር አንድ ጠዋት፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ውስጥ በተነከረ ቁጥር፣ ጎማው ተነስቶ ይታይ። ጎማው ሲያቃስት ገፊው ከተናገረ በኋላ የመጣ ብልሽት ደግሞ ሒሳቡ የባለቤቱ ይሁን። ይቺን ሦስት መስመር ውል ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም።

እናንተም የተከራያችሁትን ወይም ያከራያችሁትን ነገር አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጉና ስሙት። ቀጭ ቀጭ ካለ ተነጋገሩ።

ቸር ሰንብቱ!