የቤንዚን ሽታ

«ሦስት ቀን ሆነኝ» የሚል በሽተኛ ሲገጥመኝ ቁጣዬን መደበቅ አይሆንልኝም ነበር። ደረቱን እየወጋው ሦስት ቀን ሙሉ ሐኪም ሳያይ የሚቀመጥ ሰው ምን ይባላል? ዛሬ ግን እኔው ራሴ የቤንዚን ሽታ እያሸተትሁ ሦስት ቀን ዝም ያልሁበትን ታሪክ ልናገር ነው።

መኪናዪቱን የገዛኋት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ባቫሪያ ውስጥ ከምትገኝ አንዲት መንደር፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አሮጊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ቮልስዋገን፣ 1300 የሚባለው ሞዴል፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት። ወለሏን ዝገት በልቶታል፤ በአንድ በኩል እግር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ሴትዮዋ ግን የኋላውን ኮፈን ከፍተው ሞተሩን ሲያሳዩኝ ፊታቸው በራ። «ባለቤቴ ከፋብሪካው ዕቃ በቀር አንዲት ቱቦ እንኳ አላስገባበትም» አሉኝ። በዚህች ቃል ተሸነፍሁ። ዋጋም አልተከራከርሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የዚህችኑ እኅት ይነዳ ነበር። ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ እንዳላት አንባቢ ያውቃል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና የኋላ ወንበር ነው። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጎረቤታችን አባቴን ባገኘው ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታወርድ ነው?» ይለው ነበር፤ አባቴ ቀልዱን አልወደደለትም። በ1980 ዓ.ም. ሕክምና ልማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ስሄድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰኝ በእሷው ነው። ሻንጣዬን ከፊት አጋድሞ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን የሳምንት ድርሻውን በእኔ ሽኝት ጨረሰው። ከዚያ በኋላ መኪናዪቱንም እሱንም አላየሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዪቱ መሸጧን በደብዳቤ ነገረኝ፤ መሞቱን ደግሞ ሌላ ሰው በስልክ።

የምጠግናት ላይፕዚግ ውስጥ፣ ነዋሪዎች በምሥራቅ ጀርመን ዘመን በገዛ እጃቸው ከሠሯቸው የጋራዥ ረድፎች በአንዱ ነው። ጎረቤቴ ዕድሜውን በሙሉ መካኒክ ሆኖ የኖረ ሽማግሌ ነው። ወለሉን መበየድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት እንዳያስነሣ ክዳኑን እንዳልረሳ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ሁሉንም ሰማሁት፤ አንድ ነገር ብቻ አልሰማሁትም። ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን፣ በጥጥ ፈትል የተለበጠውን አሮጌ ቱቦ እንድቀይር ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። «በጥቂት ዩሮ የሚገዛ ነገር ነው፣ ሄር ዶክቶር» ይለኛል። እኔ ግን ጨርቁ የአባቴን መኪና ሞተር ያስታውሰኛል። በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ «ደህና ነው» አልሁት። የውስጡ ጎማ ግን በዛሬ ቤንዚን ውስጥ ያለውን ኢታኖል የሚችል አልነበረም፤ ከላይ ጨርቁ እንደ ጤነኛ ቆዳ ሸፍኖት ከውስጥ ይፈረካከስ ነበር። በእጅ ዳሰሳ ብቻ የማይገኝ በሽታ እንዳለ ለተማሪዎች ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ ወር፣ በአንድ የረቡዕ ምሽት ሽታው ጀመረ። ሐሙስም ነበረ። ዓርብ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «አባዬ፣ ቤንዚን ይሸታል» አለችኝ፤ «አሮጌ መኪና እንዲህ ነው» ብዬ መለስሁላት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሞተሩን ዝቅተኛ ዙር ላስተካክል ካቻቢቴ ይዤ ከኋላ ጎንበስ ብያለሁ። ልጄ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሣ፤ ግማሽ ደቂቃም አልቆየ፣ ትልቅ ጨርቅ ንፋስ ሲመታው የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ነበልባሉ። በዚህ ሞተር ፓምፑና ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከተሰነጠቀው ቱቦ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ከብልጭታው ጋር ለመገናኘት የስንዝር መንገድ ብቻ ነበረው።

የድንገተኛ ሕክምና ሰው ቅደም ተከተሉን በእንቅልፉም ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሁሉንም ገለበጥሁት። መጀመሪያ ልጄን ማስወጣትና ቁልፉን ማስጠፋት ነበረብኝ፤ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ራሱ ነውና፣ እስከዞረ ድረስ እሳቱን ቤንዚን ይቀልበዋል። እኔ ግን ባዶ እጄን ሰድጄ ቱቦውን ልነቅል ሞከርሁ። ሲያቃጥለኝ ወደ ውሃው ባልዲ ሮጥሁ። ልጄ ምንም ሳታይ ነዳጅ መስጫውን እንደረገጠች ነበረች። ሽማግሌው «ውሃ አይሆንም!» እያለ የእሳት ማጥፊያውን ታቅፎ መጣ፤ በሩንም ከፍቶ ልጄን በክንዷ ጎትቶ አወጣት፣ ቁልፉን አጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዱቄቱን የነፋው። ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሄዳል። የዚህ ሞተር አካል ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ማግኒዥየም አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጂን እያወጣ ይብስበታል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አንብቤው ነበር። ባልዲው ግን እጄ ላይ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል እጄን በቧንቧ ውሃ ሥር ይዤ ቆምሁ። የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው ቆዳ 1 ከመቶ ያህል ነው፤ የእኔ ቁስል ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ልጄ ውሃ እየጠጣች እጄን ታያለች፣ አትናገርም። ሽማግሌውም አልተናገረኝም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ምን ያህል እንደምናገር ስለማውቅ ዝምታው ከበደኝ።

በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወልሁ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ጥጥ ልባሱ፣ የአባታችንን ነገር እንዳለ ማቆየት ስለ መፈለጌ ተረክሁለት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የአባባ መኪና ቱቦ ጥቁር ጎማ ነበረ እኮ» አለኝ። «በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ሶማሌ ተራ እየላከኝ እኔ ነበርሁ የምገዛው። ዘመን በአሮጌ ቱቦ አይለወጥም ይል ነበር። ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁትም፣ ጋሼ» አልሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ጨርሶ አላስታውሰውም። ጨርቁን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምናልባት ከሌላ ሰው መኪና፣ ምናልባትም እዚሁ አገር ካየሁት ሥዕል።

ካርቡሬተሩ፣ ዲስትሪቢዩተሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው በሙሉ ተቀየረ፤ የሞተሩ አካል ተርፏል። ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። አዲሱ ቱቦ ኢታኖል የሚችል ጥቁር ጎማ ነው፤ ጫፎቹ በብረት ማጥበቂያ ታስረዋል፤ የተገጠመበትንም ቀን በነጭ ቀለም ጻፍሁበት። ሞተሩን እንደገና ለማስነሣት በተዘጋጀንበት ዕለት ልጄ መሪው ላይ አልቀመጥም አለች። ማጥፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ከኋላ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ትንሽ ቆይታም ደገመች።

«አሁን አዙረው» አለችኝ።