ከጣርማ በር እስከ ደቅ ደሴት

ሰው ያለበትን ስፍራ ትቶ ገና ያልደረሰበትን ሲያስብ፣ የደረሰበትንም በወጉ ሳያየው ወደሚቀጥለው ሲጣደፍ ዕድሜው ያልቃል። ይህን ብዙ አስተዋዮች አስቀድመው የተናገሩት ስለ ሆነ እኔ አዲስ ትምህርት አመጣሁ ብዬ አልመካም። ነገር ግን ምክርን በጆሮ መስማትና ምክሩ በራስ ላይ ሲፈጸም ማየት የተለያዩ ናቸውና፣ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከአንድ ባልንጀራዬ ጋራ በጣና ሐይቅ ደሴቶች ስዘዋወር የደረሰብኝን ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

የተወለድሁት በጣርማ በር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ስፍራውን ያውቀዋል። ደጋው በድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ መንገዱም ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ባበጁት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ጉሙም የዘወትር እንግዳ ነው። ብዙ ጊዜ ሲነጋ ቆላው በሙሉ በነጭ ጉም ይሞላና የተራሮቹ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ይታያል።

ሕፃን ተማሪ ሳለሁ መምህራችን «ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው» ብለው አስጻፉን። ባሕር አይቼ የማላውቅ ልጅ ነበርሁና ነገሩ አልገባኝም። ማታ አባቴን ብጠይቃቸው ዝም አሉ። በማግሥቱ ግን ገና ጧት በርኖሳቸውን ደርበው፣ እጄን ይዘው ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱኝና «ይህ ጉም ባሕር ነው በል፤ እነዚያ ጫፎች ደግሞ ደሴቶች ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጉም በወረደ ቁጥር አፋፉ ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። ጭላዳዎቹ በአጠገባችን ሣር ይነጫሉ፤ እኛም ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ደሴቶቻችንን እንቈጥራለን። አባቴ ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከፈጸምሁ በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። የተሰጠኝም ሥራ የስብሰባና የጉዞ መርሐ ግብር ማዘጋጀት ነው። ይህ ሥራ ሳላውቀው ጠባዬ ሆነ። ሰኞ ስለ ዓርብ አስባለሁ፤ ዓርብ ደግሞ ስለሚመጣው ሰኞ። ቁርስ ስበላ ስለ ምሳ፣ ሰው ሲያናግረኝ ቀጥሎ ስለማናግረው ሰው አስባለሁ። የዓመት ፈቃዴንም «ለከርሞ ይሁን» እያልሁ ሳከማች ብዙ ዓመት አለፈ።

አብሮ አደጌ የሆነው ባልንጀራዬ የታሪክ መምህር ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ «ጣናን እንይ» እያለ ሲወተውተኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሳያማክረኝ የጉዞውን ቀን ቈርጦ አስታወቀኝ። «የባሕር ማዶ ሰዎች በዕረፍታቸው በግሪክ አገር ከደሴት ወደ ደሴት በመርከብ እየተዘዋወሩ ይሰነብታሉ፤ እኛ ደግሞ የራሳችን ደሴቶች እያሉን አንዷን እንኳ ሳናይ ልናረጅ ነውን?» አለኝ። አፈርሁና ተስማማሁ። ሆኖም ባለ መርሐ ግብር ነኝና በሁለት ቀን ስድስት ስፍራ የምናይበትን ዕቅድ በሰዓት ከፋፍዬ በወረቀት ጻፍሁ፦ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ከዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ፣ በመጨረሻም ጣና ቂርቆስ። ባልንጀራዬ ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም።

በመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥተን ሦስቱን ስፍራዎች ልክ በተመደበላቸው ሰዓት ፈጸምን። ዘጌ ከየብስ ጋራ የተያያዘ እንጂ ደሴት አይደለም፤ ሆኖም በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና እያዩ በቀጭኑ መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ደስ ያሰኛል ይባላል። «ይባላል» ማለቴ እኔ የወጣሁት ሰዓቴን እያየሁ ስለ ነበረ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ባልንጀራዬ በአንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ቢዘገይ፣ እኔ ሁሉንም በእጅ ስልኬ አንሥቼ ስጨርስ ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

ማታ በባሕር ዳር እራት ስንበላ ያነሣኋቸውን ሥዕሎች ብቈጥር 112 ሆኑ። በኩራት ባሳየው ጊዜ ባልንጀራዬ ስልኬን በእጁ ሸፍኖ «ሳታይ ንገረኝ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ፊቱን ወዴት አዙሮ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ ላስታውስ አልቻልሁም። 112 ሥዕል ይዤ ተመልሼ ነበር፤ አንዱንም ግን አላየሁም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከረጅም ጉዞ በኋላ ዳጋ እስጢፋኖስ ደረስን። ደሴቲቱ ከውሃው ቀጥ ብላ የወጣች፣ በደን የተሸፈነች ኮረብታ ናት፤ እንደ ክብራን ሁሉ ሴቶች አይገቡባትም። በዕቃ ቤቱ የጥንት ነገሥታት አጽም በክብር ተቀምጧል። አንድ አባት እያንዳንዱን እያመለከቱ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደረሱ ጊዜ፣ እኔ የሚቀጥለውን የመነሻ ሰዓት ከወረቀቴ ላይ እያየሁ ነበር። ባልንጀራዬ በጆሮዬ «አንተ ሰው! ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ንጉሥ በፊትህ ናቸው» አለኝ። በእውነትም በተማርሁባት ከተማ ስማቸውን ሲያነሡ ያልሰማሁበት ቀን አልነበረም። የሰማዩን ብርሃን አይተው ከተማቸውን በዚያ አድርገው የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩባትን አገር ልጅ፣ ንጉሡ በዚያች ሰዓት ቢያዩኝ ወረቀት የሚያነብ ጸሐፊ መስዬ ባገኙኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ አባ ወደሚቀጥለው አልፈዋል።

ከዳጋ ወደ ደቅ ቅርብ ነው። በናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል አየን። ከቀትር በኋላ ወደ ጣና ቂርቆስ ልንነሣ ወደ ወደቡ ስንወርድ ግን ነፋስ ተነሥቶ ነበር። የጀልባው ነጂ ውሃውን አይቶ «ሳይበርድ አንወጣም» አለ። «ስንት ሰዓት ይበርዳል?» ብለው «ሲበርድ» ሲል መለሰልኝ። ስልኬን ባወጣ አይሠራም። በዳርቻው እየተመላለስሁ ነፋሱን፣ ነጂውንና ባልንጀራዬን በየተራ ወቀስሁ።

ባልንጀራዬ ግን አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው በድንጋይ ላይ ሲያቆሙ አይቶ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር። እኔም መሄጃ ሳጣ ሄጄ ተቀመጥሁ። ደንገል ውሃ የሚጠጣ ተክል ስለ ሆነ፣ ታንኳ ከተቀዘፈበት በኋላ ወጥቶ በፀሐይና በነፋስ ካልደረቀ እየከበደ ሄዶ ይሰምጣል። «አባባ፣ ዛሬ ሥራ ፈቱ ማለት ነው?» አልኋቸው። ሽማግሌው በትዕግሥት አዩኝና «ምን ሥራ እፈታለሁ ልጄ? ማድረቅም የታንኳ ሥራ ነው» አሉኝ። ከዚያም ወደ ሐይቁ መለስ ብለው ተቀመጡ። ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል፤ ትልልቅ ነጭ ወፎች በነፋሱ ላይ ተንሳፈው ይሄዳሉ፤ ዳጋም በሩቁ ከውሃው በላይ ብቻዋን ቆማለች። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አሉኝ።

በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ወር ጣርማ በር ሄጄ አንድ ሌሊት ብቻ አድሬ ነበር። በማግሥቱ ጧት ጉም ወርዶ ነበርና አባቴ እንደ ድሮው በርኖሳቸውን ደርበው «ና አፋፉ ላይ እንቀመጥ፤ ጉሙ ሲገለጥ ትሄዳለህ» አሉኝ። እኔ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስለ ነበረብኝ «በሚቀጥለው ስመጣ» ብዬ በመጣው መኪና ተሳፈርሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፎ ቆየኝ። አባቴም በዚያው ክረምት ዐረፉ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ በደቅ ደሴት ዳርቻ፣ ታንኳው እየደረቀ ሳለ፣ ለባልንጀራዬ ነገርሁት። እሱም የማጽናኛ ቃል አልፈለገም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ብዙ ቈይቶ «ስለዚህ ነው እንዲህ የምትሮጠው?» ሲል ጠየቀኝ። «አይደለም፤ ከዚያም በፊት እሮጥ ነበር» አልሁት። እውነቱ ይኸው ነው።

ነፋሱ የበረደው ሊመሽ ሲል ስለ ሆነ በዚያው በአንድ ገበሬ ቤት አደርን። የቀረበልን እንጀራ በሽሮ ነበር፤ ጣዕሙን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። በመኪና፣ በጀልባና በእግር ካየኋቸው ስፍራዎች ሁሉ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ያየሁት ያን የድንጋይ ዳርቻ ብቻ ነው፤ ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ የየድንጋዩን መልክ ልናገር እችላለሁ። ሲነጋ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። ጣና ቂርቆስን እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ በወረቀቴም ላይ ሳይሰረዝ ቀርቷል።

በየካቲት ወር ጣርማ በር ሄድሁ። እናቴ እንደ ልማዳቸው «መቼ ትመለሳለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀኑን ነገርኋቸው እንጂ ሰዓቱን አልነገርኋቸውም። በማግሥቱ ጉም ወርዶ አገኘነውና እናቴን ይዤ አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ስልኬ በኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ላወጣው እጄ መሄዱንም አልደብቅም። እናቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው «አባትህ እዚህ ተቀምጠው ምን ያዩ እንደ ነበር አይገባኝም ነበር» አሉ። «ደሴቶች» አልኋቸው። ረፋድ ላይ ጉሙ ከሥር ከሥሩ መሳሳት ጀመረ፤ ከታችም የደብረ ሲና ቆርቆሮዎች ብልጭ ብልጭ አሉ። ደሴቶቹም እንደገና ተራራ ሆኑ።

ይህን ስጽፍ ሰባቱን ቀን ሁሉ እንደ ባሕታዊ ተረጋግቼ የምኖር እንዳይመስል። መርሐ ግብር ማዘጋጀት አሁንም እንጀራዬ ነው፤ ለነገ የማያስብ ሰውም ለመሥሪያ ቤቱም ለቤተ ሰቡም አይጠቅምም። ነገ ግን የሚታሰብበት ሰዓት አለው። አባት «ተቀመጥ» ሲል የሚታሰብበት ሰዓት አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የተነገረው እንደ እኔ ላለው ሰው ይመስለኛል። አንባቢ ሆይ፣ ወላጆችህ በሕይወት ካሉና ጉም በሚወርድበት አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ እስኪገለጥ ድረስ አብረሃቸው ቈይ። መኪናው ሌላ ይመጣል።