የእማማ ጠገራ ብር

በእስራኤል ያለችው የቂርያት ማላኺ ትርጉም የመላእክት ከተማ ማለት ነው፤ ለምሥረታዋ ገንዘብ ላዋጡት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች መታሰቢያ የወጣ ስም ነው። እኔ የተጋበዝሁበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም፣ የሚቆላው ቡና ሽታ የተቀበለኝ ገና ከታች ነው።

የጋበዙኝ እማማ ቤተ እስራኤላዊት ናቸው፤ አባታቸው በጎንደር፣ ወለቃ አጠገብ ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎረቤቱ ማረሻውን ከእጃቸው ይገዛል፣ ዞር ሲል ደግሞ ቡዳ ይላቸዋል። ይህን ሲያጫውቱኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። አቀርቅሬ ያዳመጥሁት እኔ ነኝ፤ አያቶቼ የዚያው አገር ገበሬዎች ነበሩና።

ከአንገታቸው ጥቁር ክር ፈተው ጠገራ ብር እጄ ላይ አኖሩ። አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ጉንጭ በገላ ታሽቶ ለስልሷል። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ፣ እሳቸው ይዘውት የወጡት ይህንኑና የለበሱትን ቀሚስ ነው።

«አባቴ ከጣሊያን እጅ የወጣ ብር ነው፣ በማረሻ ዋጋ አገኘሁት ይል ነበር። ወንድሞቼ ደግሞ የለም፣ የምኒልክ ዘመን ነው ይላሉ። አንተ የተማርህ ነህ ልጄ፣ እስቲ አስመርምርልኝ።»

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው በመኪናው ገዴራ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰደኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የድሮ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ብሩን በለስላሳ ጨርቅ ላይ አኑረው ዋልተር ሐፍነር ስለ ጠገራ ያዘጋጀውን መጽሐፍ ገለጡ። ዓመተ ምሕረቱን ማንበብ አይጠቅምም፤ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች ወዲህ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም የታተመው ሁሉ 1780 ይላል። የሚለየው በጥቃቅኑ ነው። የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች፣ የንስሩ የጅራት ላባዎች፣ ከደረቷ ሥር በኤስ እና በኤፍ ፊደላት ዙሪያ ያሉት ነጥቦች። ሽማግሌው ማጉያ መነጽሩን አንዴ ከብሩ፣ አንዴ ከሥዕሉ እያደረጉ ላባ ሲቆጥሩ፣ በአገራችን ገበያ ነጋዴ ዕንቁ በጣቱ እየዳሰሰ ብር ይመርጥ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያም ንባብ ነበር፤ ልዩነቱ መጽሐፉ ጣት ላይ መሆኑ ነው።

«ሮም» አሉ በመጨረሻ። ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ማሳተም የጀመረው፣ የኢትዮጵያ ሰው ከሌላ ገንዘብ ይልቅ ጠገራን ያምን ስለነበር ነው። ብርቅ ነው ወይ? አይደለም፤ በሚሊዮን ታትሟል። ቀለበት ስለተበየደበት ደግሞ ሰብሳቢ ከብሩ ክብደት በላይ አይከፍልበትም። መምህሩ ይህን የተናገሩት በኀዘን ነው። መጽሐፉ በሚቆጥረው ነገር ትክክል ነው። ከወለቃ ተነሥቶ ቂርያት ማላኺ የደረሰው ስንት እንደሆነ የሚጻፍበት ዐምድ ግን የለውም፤ እኔ ደግሞ ብርቅ የምለው ያንን ነው።

ስንመለስ በያቭኔ በኩል ዞርን። በ2020 እ.ኤ.አ. እዚህ አካባቢ ወጣቶች ሲቆፍሩ በሸክላ ማሰሮ የተቀበረ 425 የወርቅ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ከ1,100 ዓመት በፊት የተቀበረ፣ 845 ግራም ንጹሕ ወርቅ። ባለሙያዎቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው ከመካከሉ የተገኘ አንድ ቁራጭ ነው፤ ቁስጥንጥንያ የታተመ፣ የቢዛንታይኑ ንጉሥ የቴዎፍሎስ፤ እሱም እንደ እማማ ብር ከሩቅ የመጣ ነው። ቀባሪው ማሰሮው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ በምስማር አጥብቆት ነበር። ተመልሶ ሊወስደው አስቦ ነበር ማለት ነው።

ማታ ብሩን ለእማማ መለስሁላቸው። ከዋጋው ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ዋጋውን መች ጠየቅሁህ? አባቴ እውነት ነበረው ወይ?»

«እውነት ነበራቸው እማማ። የጣሊያን ነው።»

ክሩን እስኪያስሩ ዝም አሉ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ለወንድሞቻቸው ስልክ እንዲደውል ላኩት።